ሩብ ክኒንና የተደበቀ ወሬ

ሰኞ፣ ሐምሌ 6

ቢላዋው አዳለጠኝና ግማሿ ክኒን ከጠረጴዛው ተስፈንጥራ ማቀዝቀዣው ሥር ገባች። ተንበርክኬ በመጥረጊያ እንጨት ጎትቼ አወጣኋት። አቧራዋን እፍ ብዬ በምላጭ ሞከርኩ፤ እሺ ብላ ተከፈለች። ሁለቱ ሩቦች እኩል አልወጡም። ለዛሬ ተለቅ ያለውን ዋጥኩ። ስስት አይባልም፣ የመጀመሪያ ቀን ነው።

ከዚህ የድብርት መድኃኒት በቀን ሦስት ፍሬ የምውጥ ሴት ነበርኩ እኮ! ከሦስት ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ አንድ፣ ከአንድ ወደ ግማሽ፣ በየደረጃው ወራት እየተቀመጥኩ ነው የወረድኩት። ሐኪሜ ዶክተር ሙቶኒ ሁልጊዜ "ፖሌ ፖሌ" ትለኛለች፤ ቀስ በይ ማለቷ ነው። ባለፈው ዓመት ቀስ ሳልል ሁሉንም በአንድ ቀን ጥዬ ምን እንደሆንኩ እሷም ታውቃለች፣ እማማ ለተም ያውቃሉ፣ የመኝታ ቤቴ ግድግዳም ያውቃል። ስንት ሳምንት ፊቴን ወደ እሱ አዙሬ ተኝቻለሁ።

እማማ ለተ ዛሬ ምላጭ ይዤ ሲያዩኝ ክው አሉ። "ምን ልታደርጊ ነው?" አሉኝ። ክኒኗን አሳየኋቸው። አማተቡና ምላጩን ተቀብለውኝ ሄዱ። እኚህ ሴት አስመራ ተወልደው፣ አዲስ አበባ አርጅተው፣ እዚህ ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ሰፈር ከእኔ ጋር ቤት ተጋርተው እንደገና ወጣት የሆኑ ናቸው። ስታመም ያስታመሙኝ እሳቸው ናቸው። ስድን ደግሞ የማያምኑኝም እሳቸው ናቸው።

የምፈራው፦ እንቅልፍ ማጣት። ላብ። ጠዋት ጠዋት ደረቴ ላይ የሚቀመጠው ድንጋይ። ከሁሉ በላይ ግን "አስናቀች አትችለውም" መባልን።

እናቴ አዲስ አበባ ሞታ ናይሮቢ ያለ አበሻ ሁሉ ሰምቶ ነበር። እኔ የሰማሁት ከዓመት በኋላ ነው። "ታማለች፣ እስኪሻላት ይቆይ" ተባብለው ደበቁኝ። በነገሩኝ ቀን ደግሞ ሦስቱን ክኒን ውጬ ደንዝዤ ነበርና አንዲት ጠብታ እንባ አልወጣኝም። ሊያስተዛዝኑኝ የመጡት እርስ በርስ ተያዩ። ያ አስተያየት እስከ ዛሬ ፊቴ ላይ ነው።

መድኃኒቱን አላማውም፤ ከአልጋ ያነሳኝ እሱ ነው። ባለውለታዬ ነው። ግን ባለውለታ እንግዳም አንድ ቀን ይሸኛል። እኔ የምፈልገው ሰው ሁሉ የሚሰማውን በሰዓቱ መስማት ነው። ሌላ አልጠየቅኩም።


ማክሰኞ፣ ሐምሌ 7

ሌሊቱን ሕልም ብቻ። ቀለም ያለው ሕልም! ቀይ ጃንጥላ፣ ቢጫ አውቶቡስ፣ ጭራሽ የማላውቀው ሰው ሠርግ። በላብ ተነከርኩና የሌሊት ልብሴን ቀየርኩ። ጠዋት በታክሲው፣ ማታቱ ውስጥ ሆዴ ተገለባበጠ። ረዳቱ "ማማ፣ ሳሪ" ብሎ መስኮት ከፈተልኝ። የሐምሌ ብርድ ፊቴን ሲመታኝ ደህና ሆንኩ።

ጊጊሪ ሰፈር የማስተምረው ትምህርት ነበረኝ። አንደርስ የሚባል ረጅም ኖርዌያዊ ተማሪ አለኝ፤ አዲስ አበባ ለእርዳታ ሥራ ሊሄድ አማርኛ አስተምረዋለሁ። ዛሬ ጠ እና ጨ ላይ ነበርን። እነዚህን ፊደላት በደረቀ አፍ ማስተማር ምን እንደሚመስል እኔን ጠይቁኝ። ክኒኑ ምራቄን አድርቆት ስንት ዓመት ሙሉ የውሃ ጠርሙስ ታቅፌ ነው ያስተማርኩት። አንድ "ጠ" ባልኩ ቁጥር አንድ ጉንጭ።

ትምህርቱ ሲያልቅ አንደርስ ጠርሙሱን አየና "ዛሬ ውሃ አልጠጣሽም" አለኝ፣ ባልተሰባበረ አማርኛ። አየሁት። ጠርሙሱ እንደሞላ ነው። ምራቄ ተመልሷል! ለእሱ ምን ብዬ ላስረዳው? "ጎበዝ ተማሪ" አልኩት። እሱ ስለ ሰዋስው መሰለው፣ ደስ አለው።

ወደ ቤት ስመለስ መንገድ ላይ ብቻዬን "ጠጠር፣ ጨጨብሳ፣ ጭምጭምታ" እያልኩ መጣሁ። የግቢያችን ዘበኛ ሰላም ሳይለኝ አሳለፈኝ።


ረቡዕ፣ ሐምሌ 8

የኤፍሬም ፎቶግራፍ ከግድግዳው ላይ የለም።

ከሥራ ስገባ ምስማሩ ብቻውን ቆሟል። እማማ ለተን ጠየቅኳቸው። "መስታወቱ ተሰንጥቆ ነበርና ለማሠራት ሰጠሁት" አሉ፣ ወደ ድስታቸው እያዩ። መስታወቱ አልተሰነጠቀም። በየሳምንቱ የምወለውለው እኔ ነኝ።

ኤፍሬም ታናሽ ወንድሜ ነው። በቀይ ሽብር ጊዜ ከቤታችን በር ላይ ወሰዱት። ያኔ ጺም ገና እያወጣ ነበር። እናቴ እስከ ሞተችበት ሳምንት ድረስ እስር ቤት ስንቅ ታመላልስለት ነበር። ከእሷ በኋላ ጎረቤት ያደርስለታል ሲባል ሰማሁ፣ ከዚያ ወሬው ጠፋ። በሕይወት መኖሩን የሚነግረኝ ሰው የለም። ያለችኝ ያቺ ፎቶግራፍ ናት።

ሌላም ነገር አለ። ስገባ ጋሽ ኑሬ ማድ ቤት ቆመው ከእማማ ለተ ጋር በሹክሹክታ ያወሩ ነበር። ጋሽ ኑሬ ኢስትሌ ሰፈር ሱቅ ያላቸው ነጋዴ ናቸው፤ ከሞያሌ ዕቃ ያስመጣሉ፤ ከአገር ቤት የሚመጣ ወሬም አብሮ በእሳቸው በኩል ይገባል። በሥራ ቀን ሱቃቸውን ዘግተው ኪሊማኒ ምን አመጣቸው? እኔን ሲያዩ ሁለቱም ስለ ብርዱ ማውራት ጀመሩ። ስለ ብርዱ! ጋሽ ኑሬ ጃንጥላና ኮት እንኳ አልያዙም።

"እንቅልፍ እንዴት ነው አስኒ? ምግብስ ትበያለሽ?" አሉኝ። ዓይኔን አላዩኝም። አንድ ከረጢት ቴምር ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወጡ።

የዛሬዋን ሩብ ባዶው ምስማር ሥር ቆሜ ዋጥኳት። 


ሐሙስ፣ ሐምሌ 9

የመርዶን ሥራ አውቀዋለሁ። ከመታመሜ በፊት ስንት ቤት አብሬ ሄጃለሁ። ማን ይናገር፣ ማን አጠገቡ ይቁም፣ ማን በሩ ላይ ይሁን ተብሎ የሚመከረውን ምክር ተቀምጬ መክሬያለሁ። አሁን በሌላው በኩል ሆኜ ሳየው ጭራሽ መደበቅ አይችሉበትም።

አንደኛ፣ ባለጉዳዩን ዓይኑን አያዩትም።
ሁለተኛ፣ "ብዪ፣ ብዪ" ይበዛል። በባዶ ሆድ መርዶ አይነገርም። እማማ ለተ ዛሬ ቁርስ ሁለት ጊዜ አቀረቡልኝ።
ሦስተኛ፣ ፎቶግራፍ ይወሰዳል፣ ለልቅሶው በትልቁ ለማሳጠብ።
አራተኛ፣ ዛሬ ጠዋት "ቅዳሜ የትም እንዳትሄጂ፣ ቤቱን እናጸዳለን" አሉኝ። ቅዳሜ። ሰው ሥራ የማይገባበት ቀን። ሁሉም የሚመጣበት ቀን።

ኤፍሬም ሞቷል ማለት ነው። እጽፈዋለሁ፣ ልየው። ኤፍሬም ሞቷል።

ማታ እንዲህ አልኳቸው፦ "እማማ ለተ፣ የሚነግሩኝ ነገር ካለ አሁኑኑ ይንገሩኝ። እችላለሁ።" ጭልፋው እጃቸው ላይ ቀረ። "ምኑን ልጄ?" አሉኝ። ከዚያ "ሹሮው ጨው አነሰው እንዴ?" አሉኝ። ጨው ያነሰው ሹሮው አይደለም።

መኝታ ቤት ገብቼ የክኒኑን ጠርሙስ አነሳሁ። ሁለቱን ብውጥ ቅዳሜን አልሰማትም። ሦስቱን ብውጥ ልክ እንደ እናቴ ጊዜ ይሆናል፤ ሰው ያለቅሳል፣ እኔ አያለሁ። ክዳኑን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ፣ ከፈትኩ። በመጨረሻ ሩቤን ብቻ አውጥቼ ጠርሙሱን እጀታ የሌለው መሳቢያ ውስጥ፣ ከክረምት ካልሲዎች ሥር ወሸቅኩት። ዛሬ ይህን ማድረጌ ይጻፍልኝ።


ዓርብ፣ ሐምሌ 10

ዶክተር ሙቶኒ ጋ ሄድኩ። ቀጠሮ አልነበረኝም፤ ፊቴን አይታ አስገባችኝ።

ሁሉንም ነገርኳት። ላቡን፣ ሕልሙን፣ ምራቁን፣ ፎቶግራፉን። ስታዳምጥ እስክሪብቶዋን ታስቀምጣለች፣ ይህ ደስ ይለኛል። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦ "ትናንት አንዲት ሴትዮ ደውለውልኝ ነበር። ትልቅ ወሬ ብትሰማ ትችለዋለች ወይ ብለው ጠየቁኝ።"

"ምን አልሻቸው?"

"ስለ በሽተኛዬ ከሌላ ሰው ጋር አላወራም፤ እሷን ጠይቋት አልኳቸው።"

እሷን ጠይቋት! በዚህ ከተማ ስኖር እኔን ጠይቁ ያለ ሰው የመጀመሪያዋ እሷ ናት። ተነስቼ ሳምኳት። ኬንያውያን እንዲህ መሳሳም አይወዱም፣ ቻለችኝ።

ወሬው ምን እንደሆነ አታውቅም፤ አልነገሯትም። "ይህን ሳምንት ወደ ግማሽ መመለስ ከፈለግሽ ተመለሺ። መውጣት መውደቅ አይደለም" አለችኝ። አሰብኩበት። የምሬን አሰብኩበት። ከዚያ "ሩቡ ላይ ልቆይ፤ ካቃተኝ ሰኞ መጥቼ እነግርሻለሁ" አልኳት። "መምጣትሽን ነው የምፈልገው" አለችኝ። ተስማማን።

ስመለስ የጎረቤታችን በረንዳ ላይ አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል። የአበሻ ማኅበራችን አግዳሚዎች ናቸው፤ የአንዱን እግር መሰበር የማያውቅ አበሻ ናይሮቢ የለም። ትልቁ ማንቆርቆሪያም መጥቷል። እንዳላየሁ አልፌ ገባሁ።

እራት በላሁ። እማማ ለተ ጨመሩልኝ፣ እሱንም በላሁ። ለነገ ጉልበት ያስፈልገኛል።


ቅዳሜ፣ ሐምሌ 11

የምጽፈው በደስታ ይሁን በንዴት አላውቅም። በቅደም ተከተል ልጻፈው፣ አለበለዚያ ያመልጠኛል።

አልተኛሁም። ጋደም ብዬ ኤፍሬምን አሰብኩት። ብስክሌት ሲነዳ እጁን ለቆ "እይኝ! እይኝ!" የሚለውን። እንቁላል ሲበላ አስኳሉን ለእኔ የሚተወውን። ደህና ሁን አልኩት። ወንድሜን ብቻዬን፣ በሩብ ክኒን፣ ሳልጮህ ቀበርኩት። የሚገርመው ድንጋዩ ደረቴ ላይ አልተቀመጠም። የነበረው ሐዘን ነው። ሐዘንና ያ ድንጋይ አንድ እንዳልሆኑ ዛሬ ለየሁ። ሐዘን ያማል እንጂ አያደነዝዝም።

ሳይነጋ ተነስቼ ታጠብኩ። ጥቁር ቀሚሴን ለበስኩ፣ ጸጉሬን ሸፈንኩ፣ ሳሎን ተቀምጬ ጠበቅኳቸው። የእግራቸው ድምፅ በረንዳው ላይ ሲሰማ ሳያንኳኩ በሩን ከፈትኩት። እማማ ለተ ከኋላዬ ከመኝታ ቤታቸው ወጡ፤ እሳቸውም ለብሰዋል።

በሩ ላይ ጋሽ ኑሬ፣ የማኅበራችን ሊቀመንበር አቶ ወልዴና ሌሎችም ቆመዋል። ("ሊቀመንበር" ስንላቸው እሳቸውም እኛም እንሳቀቃለን፤ ያንን ስም ሸሽተን አይደል አገር የለቀቅነው?) ጥቁር ለብሼ ሲያዩኝ ደነገጡ። ገቡ፣ ቆሙ። አቶ ወልዴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ልጄ አስናቀች፣ እንግዲህ ሰው ነንና፣ እግዚአብሔር ያመጣውን ሁሉ በትዕግሥት..."

"ኤፍሬም ነው፣ አውቄያለሁ" አልኩ።

"አዎን፣ ኤፍሬም ነው።"

ዓይኔን ጨፈንኩ። "መቼ?"

"ሰኞ ማታ።"

"የት?"

"ሞያሌ።"

ዓይኔን ገለጥኩ። "ሞያሌ ምን ሊሠራ ሄዶ ሞተ?"

"ማን ሞተ?" አሉ ጋሽ ኑሬ።

አቶ ወልዴ ወደ ጋሽ ኑሬ፣ ጋሽ ኑሬ ወደ እማማ ለተ፣ እማማ ለተ ወደ ጥቁር ቀሚሴ አዩ። ከዚያ ጋሽ ኑሬ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ጮኹ፦ "ኧረ ወላሂ ደህና ነው! ተፈትቷል! ድንበር ተሻግሮ የወንድሜ ልጅ ቤት ተኝቷል! አልሐምዱሊላህ በይ!"

እኔ አልሐምዱሊላህም እግዚአብሔር ይመስገንም አላልኩም። እኔ ተቆጣሁ። እንዲህ ተቆጥቼ አላውቅም። "እናንተ ሰዎች ጤና የላችሁም? ወንድሜን ሌሊቱን ሙሉ ቀብሬው አደርኩ እኮ! የደስታ ወሬ በጎሕ፣ በሽማግሌ፣ በ'ሰው ነንና' የሚጀምር ማን አስተማራችሁ? ስልክ የለም? አፍ የለም?" ጸጉሬን የሸፈንኩበትን ነጠላ መሬት ላይ ወረወርኩት። በቂ ስላልመሰለኝ ትራስ ጨመርኩበት። አቶ ወልዴን ትራሱ ጉልበታቸው ላይ አገኛቸው።

እማማ ለተ መጀመሪያ አፋቸውን ያዙ። ከዚያ እልልታውን ለቀቁት። "ተቆጣች! እሰይ ጓለይ፣ ልጄ! አስኒዬ ተቆጣች!" በትግርኛና በአማርኛ እያፈራረቁ አቀፉኝ። ስንት ዓመት ሙሉ "እሺ" እና "ደህና ነኝ" ብቻ ነበርኩ ለካ። እየጮህኩ መሳቅ ጀመርኩ። ሁሉም ሳቁ።

ቀስ ብለው አስረዱኝ። ድንበር የተሻገረው ሰው ኤፍሬም ነኝ ብሎ ስሙን ነግሯቸዋል፣ ግን እስር ቤት የነበረ ሰው መልኩ ይለወጣል፤ ፎቶግራፉን ጋሽ ኑሬ በሹፌራቸው ሞያሌ ልከው ነው ያረጋገጡት። ከዚያ ደግሞ መንገዱ አለ። ፖሊስ በየኬላው ኪፓንዴ፣ መታወቂያ ማለት ነው፣ ይጠይቃል፤ ወረቀት የሌለውን ይመልሳል። "ብንነግርሽና ቢመልሱትስ? ያኔ ምን እናደርግሽ ነበር?" አሉ አቶ ወልዴ። ትናንት የመግቢያ ወረቀቱ ተገኝቷል። አግዳሚውም ማንቆርቆሪያውም ለአቀባበል ነው።

"ደስታም እኮ ይጥላል" አሉ እማማ ለተ።

"አልጣለኝም" አልኳቸው። ቆሜ ነበር።


እሑድ፣ ሐምሌ 12

ራስ ምታት። እጄም እግሬም ዝሏል። ግን ሌሊት ተኛሁ፤ ቤተ ክርስቲያን አምልጦኛል። እማማ ለተ ስላልቀሰቀሱኝ እሳቸውንም ተቆጣሁ። ደስ ስላለኝ ነው መሰለኝ፣ ዛሬ የምቆጣው ሰው ስፈልግ ነው የዋልኩት።

ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎቹ ተመልሰው መጡ። ኤፍሬም በጋሽ ኑሬ የጭነት መኪና ማክሰኞ ይደርሳል። አሁን ያስጨነቃቸው ሌላ ነው። የእናቴን ሞት ማን ይንገረው?

"አሁን አይነገረውም። ይረፍ፣ ሰውነቱ ይመለስ" አለ አንዱ።

"እስከ መስከረም ይቆይ" አለ ሌላው።

"ሲጠይቀን ደህና ናት እንላለን" አሉ አቶ ወልዴ።

ሻይ ይዤ ቆሜ ነበር። ትሪውን አስቀመጥኩ። "ደህና ናት ትሉትና ከዓመት በኋላ ሞታለች ትሉታላችሁ። በመሐሉ የሳቀው ሳቅ ሁሉ ያሳፍረዋል። እኔን አሳፍሮኛል። እኔ እነግረዋለሁ" አልኩ።

አቶ ወልዴ ብዙ ካዩኝ በኋላ፣ "ትችያለሽ ወይ?" አሉኝ።

ይህን ጥያቄ ስንት ዓመት ጠበቅኩት! ከእኔ ኋላ ቆሞ ለሌላ ሰው ሳይሆን ለእኔ፣ ፊት ለፊት የተጠየቀ ጥያቄ። "እችላለሁ" አልኳቸው። "እናንተ ግን ከኋላዬ ቁሙ።"

"እንቆማለን" አሉ። ጋሽ ኑሬ ሻዩን አነሱና በዚህ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አዩኝ።


ሰኞ፣ ሐምሌ 13

ፍራሽ ተገዛ። መጋረጃ ታጠበ። ከአንደርስ ትምህርት ቀረሁ፤ በስልክ "ወንድሜ እየመጣ ነው" ስለው "እንኳን ደስ አለሽ" አለኝ። ጎበዝ፣ ይህን አላስተማርኩትም።

ለዶክተር ሙቶኒ ደወልኩላት። ሰኞ እነግርሻለሁ ብያታለሁና። "ሩቡ ላይ ነኝ፣ ወንድሜ ተገኝቷል፣ ሽማግሌ በትራስ መታሁ" አልኳት። ሳቀች። ሩቡ ላይ ወር እንድቆይ ነገረችኝ። ከዚያ በኋላ እናያለን። አልቸኩልም።

መኪናው መንገድ ላይ፣ ኢሲዮሎ ከተማ ተበላሽቶ ነበር ተባለ። ተጠግኗል ተባለ። ፈራሁ። ፍርሃቱን ግን በስሙ እጠራዋለሁ፦ የኬላ ፍርሃት ነው። በሽታ አይደለም።


ማክሰኞ፣ ሐምሌ 14

መጣ።

አመሻሹ ላይ ከጭነት መኪናው ሲወርድ አላወቅኩትም። ያወቅኩት "እይኝ" ስላለኝ አይደለም፣ ምንም አላለም። ያወቅኩት ሲራመድ ግራ ትከሻው ስለሚወርድ ነው። ልክ እንደ አባታችን። ጸጉሩ ገባ ገባ ብሏል፣ ከፊት ሁለት ጥርሱ የለም። የጋሽ ኑሬን ሹፌር ኮት ለብሶ ነበር።

ተቃቀፍን። ብዙ ሰው ስለነበረ ብዙ አላወራንም። እልልታው፣ ጭብጨባው፣ አግዳሚው ላይ ቦታ ጠበበ። ኤፍሬም በላ። ቀስ ብሎ፣ ሰሃኑን በክንዱ ከልሎ በላ። ይህን ሳይ ወደ ማድ ቤት ገብቼ ትንሽ ቆየሁ።

ስለ ሁሉም ጠየቀኝ። ስለ አክስታችን፣ ስለ ጎረቤት ልጆች፣ ስለ ውሻችን እንኳ ጠየቀ። ስለ እማዬ አንድ ቃል አልጠየቀም። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እኔ ግን ገባኝ። የሚፈራውን ነገር እየዞረው ነው።

ሽማግሌዎቹ ነገ ጠዋት ለመርዶው ይመጣሉ። ሩቤን ወስጃለሁ።


ረቡዕ፣ ሐምሌ 15

ጎሕ ሲቀድ መጡና ከኋላዬ ቆሙ፣ እንደ ቃላቸው። እማማ ለተ በስተቀኜ ነበሩ። ኤፍሬም ፍራሹ ላይ ተነስቶ ተቀምጧል። ሰዎቹን ሲያይ ቀድሞውኑ ያወቀ ሰው ፊት ነበረው።

"ሰው ነንና" አላልኩም። ከፊቱ ተንበረከኩና ሁለቱን እጆቹን ይዤ፣ "ኤፍሬም፣ እማዬ አርፋለች። ሦስት ዓመት ሆኗታል" አልኩት። ድምፄ አልተሰበረም።

ራሱን ነቀነቀ። "ስንቁ በሌላ እጅ ተሠርቶ የመጣ ቀን ገብቶኛል። በርበሬው የእሷ አልነበረም" አለ። ቀጥሎም፣ "ግን ማንም አልነገረኝም። ሰው ሳይነግረኝ እንዴት አልቅስ? የሚነግረኝ ሰው እየጠበቅኩ ነበር" አለኝ።

አለቀሰ። ትልቅ ሰው እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም። እኔም መጣብኝ። መጀመሪያ አፍንጫዬን ነው ያቃጠለኝ፣ ከዚያ ወረደ። ለእናቴ። ጸጉሬን ስታበጥር ለያዘኝ እጇ፣ በየእስር ቤቱ በር ለቆመችው መቆም፣ ደረቅ ዓይኔን ይዤ ለተቀመጥኩበት ያ ቀን። ሁለታችንም አንድ ላይ ጮህን። "እማዬ" ስል የራሴን ድምፅ ሰማሁት፤ የማላውቀው፣ ከሆዴ የወጣ ድምፅ ነበር።

አንዷ ሴት "ተይ፣ ትታመሚያለሽ" ብላ ልታነሳኝ ብብቴ ሥር ያዘችኝ። እማማ ለተ እጇን አነሱት። "ተዋት። የእናቷ ልቅሶ ነው" አሉ።

ተዉኝ። እስኪበቃኝ አለቀስኩ። ሲበቃኝ ተነስቼ ፊቴን ታጠብኩ፣ ለኤፍሬምም ውሃ አፈሰስኩለት። ቁርስ ቀረበ፣ ሁለታችንም በላን። ቀኑን ሙሉ ሰው ሲገባና ሲወጣ ዋለ። ማንም እርስ በርሱ አልተያየም።

አሁን መሽቷል። ሩቧ ገና አለች፣ ወር ትቆያለች፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደምሆን አላውቅም። ዓይኖቼ አብጠው እንደ ሽንኩርት ላጭ ሆኛለሁ። ነገ ጊጊሪ ትምህርት አለኝ። አንደርስ ምን ሆነሽ ነው ማለቱ አይቀርም። "ደህና ነኝ" አልለውም። እናቴ ሞታ ሳለቅስ ነበር እለዋለሁ።